አዳኝ የሚለው ቃል



በአማርኛ «አዳኝ» ብለን ሁለት ዓይነት ሰው እንጠራለን። አንደኛው አውሬ የሚያድነው ነው፤ ሁለተኛው ከሞት የሚያድነው ነው። ሁለቱም በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ የተገናኙበትን ታሪክ አካፍላችሁና አንድ ጥያቄ እናነሣለን። ለራሱ ደኅንነት ተብሎ፣ ፈቃዱ ሳይጠየቅ ከቦታው ለተወሰደ ፍጡር የወሰደው ሰው ምን ግዴታ አለበት?

ጄኔራል አቭራሃም ዮፌ እ.ኤ.አ. በ1913 በገሊላ፣ በያቭኔኤል መንደር ተወለዱ። ሜዳና ተራራ የሚወዱ፣ አደን የለመዱ ሰው ነበሩ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ግን የእስራኤል የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታዎች ባለሥልጣን መሪ ሆኑ። የአዳኝነት ዕውቀታቸውን አልጣሉትም፤ ዓላማውን ለወጡት እንጂ። በኦሪትና በነቢያት መጻሕፍት ስማቸው የሚነሣ፣ ከዚህች ምድር ግን የጠፉ እንስሳት እንዲመለሱ ደከሙ።

ለዚህም ከኤላት በስተሰሜን፣ በዮትቫታ አጠገብ፣ ሐይ ባር የተባለው ጥብቅ ቦታ በ1968 ተቋቋመ። የዱር አህዮች ከኢራን መጡ። ሰጎኖች ደግሞ ከአገራችን ከኢትዮጵያ፣ ከደናክል በረሃ መጡ። በዕብራይስጥ ያሕሙር የሚባለውን አጋዘን ለማግኘት ዮፌ ከኢራን ሰዎች ጋር ብዙ ተነጋገሩ። በመጨረሻም በታኅሣሥ 1978፣ በቴህራን አብዮቱ ሲቀጣጠል፣ አራት እንስት አጋዘኖች በአውሮፕላን እስራኤል ደረሱ።

የዱር እንስሳን በሕይወት መያዝ ከመግደል ይከብዳል። ጥይት የተኮሰ ሰው ሥራው በዚያው ያልቃል። በሕይወት የሚይዝ ሰው ግን የማደንዘዣውን መጠን ማወቅ፣ እንስሳው እንዳይደነግጥና ብዙ እንዳይሮጥ መጠንቀቅ አለበት። ክፉኛ የተባረረ አጋዘን ከተያዘ ከቀናት በኋላ እንኳ ሊሞት ይችላል።

ከተያዘስ በኋላ? በሐይ ባር የተራቡት የዱር አህዮች ከ1982 ጀምሮ በማኽቴሽ ራሞን፣ ያሕሙሮቹም በ1996 በናሐል ክዚቭ ተለቀቁ። በድንገት ሜዳ ላይ አልተጣሉም። በሚለቀቁበት ስፍራ በታጠረ ቦታ ቆይተው አገሩን ለመዱ፤ ከዚያ በሩ ተከፈተላቸው። ዮፌ በ1983 ስላረፉ የያሕሙሮቹን መለቀቅ አላዩም። ሁሉም አልተሳካም፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተለቀቁት ሰጎኖች በኔጌቭ ሊበዙ አልቻሉም።

«እንስሳቱን ማን ጠየቃቸው?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኦሪትም ጎጆ ያገኘ ሰው ጫጩቶቹን ቢወስድ እንኳ እናቲቱን እንዲለቅ ታዛለች፤ ለያዘ እጅ ወሰን አበጅታለች። እኔ እንደሚመስለኝ፣ መልካም አሳብ ብቻውን ያለ ፈቃድ መውሰድን ትክክል አያደርገውም። ትክክል የሚያደርገው የወሰደው ሰው እስከ መጨረሻው ኃላፊነቱን ሲወጣ ነው። ይኸውም በርኅራኄ መያዝ፣ ለመልመድ ጊዜ መስጠት፣ በመጨረሻም በሩን መክፈት ነው። ሦስተኛው ከቀረ ርኅራኄው ራሱ ወጥመድ ይሆናል።

ሰው እንስሳ አይደለም። ወላጆቻችን ኢየሩሳሌምን ናፍቀው፣ በፈቃዳቸው መጥተዋል። ሕፃናቱን ግን ማንም አልጠየቃቸውም፤ አንዳንድ ሽማግሌዎችም ልጆቻቸውን ተከትለው መጡ እንጂ ምርጫቸው አልነበረም። ስለዚህ ጥያቄው እኛንም ይነካናል። መርካዝ ክሊታ ለመልመጃ ደግ ነው፤ ለዘለቄታ መኖሪያ ግን አይሆንም። እኛ በማኅበራዊ አገልግሎት የምንሠራ ሰዎች ለአንዲት እናት ደብዳቤዋን ስናነብላት እንረዳታለን፤ በዓመቱም እኛው የምናነብላት ከሆነ ግን በሩን ዘግተንባታል። ወላጅም እንዲሁ ነው። ልጁን ለደኅንነቱ ብሎ ያመጣ አባት፣ ልጁ በዚህ አገር በራሱ እግር ሲሄድ መንገድ ሊለቅለት ይገባል።

በደቡብ ነታንያ ሐምራዊው አይሪስ የሚጠበቅበት ስፍራ አለ። በየካቲት ገደማ ያብባል፤ መቅጠፍ ክልክል ነው። በአንድ ሰንበት ከአያቶች ጋር ሂዱ። አያቶች የጎንደርን አውሬና አበባ ይንገሩ፤ ልጆችም የዚህን አገር አበባ ስም በዕብራይስጥ ያስተምሯቸው።