ብዕሩ ከእሱ ተነስቷል፤ ከእኛስ?

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም

 

ይህን ብዙዎቻችን አይተነዋል። አንድ ሰው ልብሱ ተቀዳዶ፣ ብቻውን እያወራ መንገድ ላይ ይሄዳል። ልጆች ይከተሉታል። አንዱ ጠጠር ይወረውራል፣ ሌላው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ሰውዬው ዞሮ ሲጮህ ሁሉም ይስቃል። ማታ ቪዲዮው ይለቀቃል፤ እኛም አይተን፣ ስቀን፣ ሼር አድርገን ወደ ዒሻእ ሶላት እንሄዳለን። ከወር በኋላ ያው ሰው አንድ መንገደኛ ቢፈነክት «እብድ ነው፣ እሰሩት!» እንላለን። ለመሆኑ ተጠያቂው ማን ነው?

አቡ ዳውድ የዘገቡት አንድ ታሪክ አለ። በዑመር (ረ.ዐ) የኸሊፋነት ዘመን አእምሮዋን ያጣች ሴት በዝሙት ተይዛ ቀረበች። ዑመር ሰዎችን አማክረው ቅጣቱ እንዲፈጸም አዘዙ። ይዘዋት ሲሄዱ ዐሊይ (ረ.ዐ) አገኟቸው፤ ነገሩን ጠይቀው ሲረዱ እንዲመልሷት አዘዙና ወደ ዑመር ሄዱ። ብዕር ከሦስት ሰዎች ላይ መነሳቱን አስታወሷቸው፦ ከተኛ ሰው እስኪነቃ፣ ከሕፃን እስኪደርስ፣ አእምሮውን ካጣ ሰው ዐቅሉ እስኪመለስለት። ዑመር አልተከራከሩም። ሴትዮዋን ለቀቋት፤ ከዚያም ተክቢራ ማለት ጀመሩ። ያ ሁሉ ሥልጣን የነበራቸው ሰው፣ ከስህተት ስለዳኑ አላህን አላቁ!

ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ማዒዝ (ረ.ዐ) መጥቶ ወንጀሉን በራሱ ላይ ሲናዘዝ ፈጥነው አልፈረዱም። እብደት እንዳለበት ጠየቁ፤ መጠጥ ጠጥቶ እንደሆነም ጠየቁ። ከፍርድ በፊት ማጣራት ሱንና ነው። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የአገራችን የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 48 በሕመም ምክንያት የሚሠራውን ማወቅ ወይም ራሱን መግዛት ያልቻለን ሰው በወንጀል አይቀጣውም። ፍርድ ቤቱ የሐኪም ምርመራ ያዛል፤ እንዲታከም ወይም ተጠብቆ እንዲቆይም ሊወስን ይችላል።

ግን ወንድሜ፣ እህቴ፣ ይህን ረሕመት በቦታው እናስቀምጠው።

አንደኛ፣ ብዕር የሚነሳው ዐቅሉን ካጣ ሰው ላይ ነው። የተናደደ፣ የተጨነቀ ወይም የከፋው ሰው የሚሠራውን እያወቀ ከበደለ ይጠየቃል። ወዶ የሰከረም «አላውቅም ነበር» ብሎ አያመልጥም። ደግሞም የአእምሮ ሕመም ያለበት ሁሉ አደገኛ አይደለም። አብዛኞቹ ማንንም አይነኩም፤ ይልቁንም የሚደበደቡት፣ የሚዘረፉትና የሚደፈሩት እነሱ ናቸው።

ሁለተኛ፣ ብዕር ተነሳ ማለት ቢላዋው አይቀማ ማለት አይደለም። ሰው ሊገድል የመጣን ሰው፣ አእምሮውን ያጣ ቢሆንም እንኳ፣ በሚቻለው ቀላል መንገድ ማስቆም ይፈቀዳል። የሚጠየቅበት ነገር አለመኖሩ ሌላ ነው፤ የሰዎችን ነፍስ መጠበቅ ሌላ ነው።

ሦስተኛ፣ ደም በከንቱ አይቀርም። አእምሮውን ያጣ ሰው ነፍስ ቢያጠፋ ብዙዎቹ ዑለማዎች ድርጊቱን እንደ ስህተት ግድያ ይቆጥሩታል። ቂሷስ የለም፤ ግን ዲያ (የደም ካሳ) አለ። የሚከፍለው ማን ነው? ዓቂላው፣ ማለትም ዘመዶቹ! ሱብሓነላህ! ቅጣቱ ከታማሚው ላይ ሲነሳ ኃላፊነቱ ዐቅል ወዳላቸው ሰዎች ዞረ። ሸሪዓው ለቤተሰብና ለጎሳ «ይህ ሰው የእናንተ ነው፤ ቀድማችሁ ጠብቁት» ያለ ያህል ነው።

አሁን በዘመናችን የሆነውን እንይ። ሚያዝያ 2016፣ ከዒድ አል-ፊጥር ጥቂት ቀናት በኋላ፣ በአውስትራሊያ ሲድኒ ከተማ አንድ ሰው ቢላዋ ይዞ ወደ ገበያ ማዕከል ገባና 6 ሰዎችን ገደለ። ከሟቾቹ አንዱ ከፓኪስታን የመጣ ወጣት የጥበቃ ሠራተኛ ነበር፤ ሰዎችን ለማዳን ሲሞክር ሞተ። ገዳዩን አንዲት የፖሊስ መኮንን ተኩሳ አስቆመችው። ሰውዬው ገና በወጣትነቱ ስኪዞፍሬኒያ የተገኘበት፣ ለዓመታት ታክሞ ኋላ መድኃኒቱን ያቆመ ነበር። በዚያች ሰዓት ዐቅሉ ምን ያህል አብሮት እንደነበር አላህ ያውቃል።

ሬሳ ሳይነሳ ግን ኢንተርኔቱ ፈርዶ ነበር። አንዳንዱ «ሙስሊም አሸባሪ ነው» አለ። ሌላው አይሁዳዊ ነው ብሎ የአንድ ምንም የማያውቅ ተማሪ ስም በዓለም ዙሪያ በተነ። ሁለቱም ውሸት ነበር። የመጀመሪያው ውሸት ያመመን ሰዎች ሁለተኛውን ሼር አድርገን ይሆን? አላህ በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ ያዘዘን፣ ባለማወቅ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት ነው። ትእዛዙ ወሬው ሲጠቅመንም ሲጎዳንም ያው ነው።

ንቁ መሆንም ከዲናችን ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀስት ይዞ በመስጂድ ወይም በገበያ የሚያልፍ ሰው ማንንም እንዳይወጋ ጫፉን እንዲይዝ አዘዋል። ሊጎዳ ላሰበ ሰው ብቻ አይደለም፤ ሳያስበው ሊጎዳ ለሚችል ሁሉ ነው። ስለዚህ፦

ወንድምህ እንቅልፍ ካጣ፣ ሁሉንም ሰው መጠርጠር ከጀመረ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማ፣ ራሴን ወይም ሰው እገድላለሁ ካለ፣ «ኢማንህ ደክሞ ነው» ብለህ አትለፈው። ጫትና ሐሺሽ እንደሚያብሱበት ንገረው። አዲስ አበባ ካለህ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ ክፍለ ሀገር ካለህ አቅራቢያህ ካለው ሆስፒታል ጀምር። መድኃኒት ከጀመረ በገዛ እጁ እንዳያቆም ተከታተለው። ቢላዋውንም ከአጠገቡ አርቅ።

ቁርኣን ይቀራበት፣ ዱዓ ይደረግለት። ግን ሩቅያ ሕክምናን አይከለክልም፤ በሰንሰለት ማሰርና መግረፍም ሩቅያ አይደለም። አላህ በሽታን ካወረደ መድኃኒቱንም ማውረዱን ነግረውናል፤ ታከሙም ብለውናል።

መንገድ ላይ የሚያስፈራራ ሰው ካየህ አትክበበው፣ አትሳቅበት፣ አትቅረጸው። ልጆችን አርቅ፣ ራስህም ራቅ፣ ፖሊስ ጥራ።

በመጨረሻም ይህችን እናስታውስ። በመዲና አእምሮዋ ላይ ችግር የነበረባት ሴት ነበረች። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጉዳይ አለኝ አለቻቸው። እሳቸውም በአክብሮት በልጇ ስም ጠርተው የፈለገችውን መንገድ እንድትመርጥ ነገሯት፤ ጉዳይዋን እስክትጨርስም አብረዋት ቆሙ። ሙስሊም ዘግበውታል። የአላህ መልእክተኛ ለእሷ ጊዜ ነበራቸው። እኛስ ለሰፈራችን ታማሚ ያለን ነገር ካሜራ ብቻ ነውን?

ከእሱ ላይ ብዕሩ ተነስቷል። በእኛ ላይ ግን ይጽፋል፦ የሳቅነውን፣ ሼር ያደረግነውን፣ ዝም ብለን ያለፍነውን።

አላህ ሆይ! የታመሙትን አሽርልን፣ የሚያስታምሙትን አበርታልን። ዐቅላችንን ጠብቅልን፤ በሰጠኸን ዐቅልም ተጠቃሚ አድርገን። አሚን።

ዛሬ ወደ ቤት ስትመለሱ፣ ሰው የራቀውን አንድ ታማሚ ወይም እሱን የሚያስታምሙ አንዲት እናት ጎራ ብላችሁ ጠይቁ። ወሰላሙ ዐለይኩም!