ላይ የሚጠብቅ ሰው

ከይፋት ዳገት የሚወርድ ውሃ ባሕር አይገባም። ሮቢም ጀውሃም ሸዋ ሮቢትንና አካባቢዋን አጠጥተው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ፤ አዋሽም የአፋርን በረሃ ዘልቆ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። እንዲህ ባለ አገር ተቀምጦ ስለ ባሕር ፍቅር መጠየቅ የራቀ ነገር ይመስላል። እኔ ግን ጥያቄው ከዚህ ሆኖ ሲታይ ይጠራልኛል፦ ሰው ሊኖርበት የማይችለውን ነገር ሲወድ ፍቅሩ የሚሻው ምንድን ነው?

ይህን ያነሣብኝ ፈረንሳዊው ሉክ ቤሶን በ1988 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ለ ግራን ብሉ» የተባለው ፊልም ነው። ዣክና ኤንዞ አብሮ አደጎች ናቸው። ካደጉ በኋላ የአየር ጋን ሳይዙ በአንድ ትንፋሽ ማን ጠልቆ እንደሚወርድ ይፎካከራሉ። ኤንዞ ሳቂታ፣ ጉረኛ፣ እናቱን የሚፈራ ሰው ነው፤ ያየለት ከሌለ ድሉ ድል አይመስለውም። ዣክ ዝምተኛ ነው፤ ለሜትሩ ደንታ የለውም፤ ከሰው ይልቅ ዶልፊን ይቀርበዋል። ኤንዞ ክብረ ወሰኑን አስመልሳለሁ ሲል ይሞታል። ዣክ ደግሞ በመጨረሻው ልጁን ያረገዘችውን ሴት ትቶ በሌሊት ወደ ጥልቁ ይወርዳል። የፊልሙ ልብ ከዣክ ጋር ነው፤ የእሱን ፍቅር ንጹሕ፣ የኤንዞን ግን በፉክክር የደፈረሰ አድርጎ ያሳየናል። በዚህ አልስማማም።

ጥልቀት በሰው አካል ላይ ምን እንደሚሠራ እናስብ። 100 ሜትር ላይ ግፊቱ ውሃው ወለል ላይ ካለው 11 እጥፍ ነው፤ ሳንባ ውስጥ ያለው አየርም በዚያው መጠን ይጨመቃል። የልብ ምት ይቀንሳል፤ ደም ከእጅና ከእግር ወደ ደረት ተሰብስቦ ሳንባው እንዳይደቅ ይደግፈዋል። ከተወሰነ ጥልቀት በኋላ አካል መንሳፈፉን ይተውና ሰውዬው ሳይቀዝፍ ይሰምጣል። ጠላቂዎች የሚያወሩት ደስታ ያለው እዚያ ነው። ራስን መሳት የሚበዛው ግን ሲመለሱ፣ አየር ሊያገኙ ጥቂት ሜትር ሲቀራቸው ነው። ለዚህም ገመድ ይወርዳል፤ ሌሎች ጠላቂዎች መንገድ ላይ ይጠብቃሉ። በዛሬው የውድድር ሕግ የወረደው ጥልቀት የሚጸድቀው ሰውዬው ወጥቶ፣ በራሱ ተንፍሶ፣ ደህና መሆኑን በምልክት ካሳየ ብቻ ነው። ተፎካካሪ እንግዲህ መመለስ ግዴታው ነው፤ ካልተመለሰ ያየው ነገር አይቆጠርለትም።

የፊልሙ መነሻ የሆኑት ሰዎች እውነተኞች ነበሩ። ዣክ ማዮል በ1976 እ.ኤ.አ. በኤልባ ደሴት አጠገብ፣ በ49 ዓመቱ፣ በአንድ ትንፋሽ ከ100 ሜትር በታች የወረደ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ተፎካካሪው የሲራኩዛው ኤንዞ ማዮርካ በፊልሙ አሣሣል ተቆጥቶ ስለተቃወመ ፊልሙ ጣሊያን ውስጥ ለዓመታት ሳይታይ ቀረ። ፊልሙ የገደለው ይህ ሰው 85 ዓመት ኖሮ በ2016 እ.ኤ.አ. ዐረፈ፤ ሴቶች ልጆቹም ጠላቂዎች ሆኑ። ማዮል በ2001 እ.ኤ.አ. ራሱን አጠፋ። የአንድ ሰው ሐዘን ለማንም ሐሳብ ማስረጃ መሆን የለበትምና ከዚህ ድምዳሜ አላወጣም። የምለው ሁለቱ ክብረ ወሰን ሲነጣጠቁ በኖሩባቸው ዓመታት አንዱ የደረሰበትን በሥጋው ከሚረዱለት ጥቂት ሰዎች መካከል ሌላኛው መኖሩን ነው። ተፎካካሪ ምስክር ነው።

በዚህ አቋሜ ላይ ከገዛ ባህላችን የሚነሣ ጠንካራ መከራከሪያ አለ። እኛ ጠፍቶ የሚቀርን ሰው እናከብራለን። መናኝ እናቱንም ሚስቱንም ትቶ ይሄዳል፤ ፍለጋውን የሚነቅፍ የለም። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዝቋላ ሐይቅ ውስጥ ቁልቁል ተዘቅዝቀው 100 ዓመት መቆየታቸውን የምእመናን ትውፊት ይተርካል። ከዚህ የጠለቀ ጠላቂ ከየት ይመጣል? ነገር ግን ጻድቁ ምን ሲያደርጉ ነበር? ስለ ኢትዮጵያ ሕዝብ እየጸለዩ። የወረዱት ላይ ስለቀሩት ነው። ዣክ የወረደው ለማን ነው?

የይፋት ሰው በበኩሉ ስለ ባሕር መፎካከርን ከጥንት ያውቀዋል። የወለስማዎች ሱልጣኔት አቅም ያገኘው ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋ ከሚወጣው የሲራራ ነጋዴ መንገድ ነው፤ የደጋው ነገሥታትም ዓይናቸውን የጣሉት እዚያው ላይ ነበር። የደጋው ንጉሥ ዓምደ ጽዮን በ1332 እ.ኤ.አ. በሱልጣን ሰብረዲን ላይ ዘመተ። በ15ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ሱልጣን ሰዓደዲን ከደጋው ጦር ሸሽቶ በዘይላ ፊት ለፊት ካሉት ደሴቶች በአንዷ ተገደለ፤ ደሴቶቹ ዛሬም በስሙ ይጠራሉ። ደም የፈሰሰበትን ነገር ላስውብ አልፈልግም። ሆኖም ሁለቱም ወገኖች ባሕሩን የፈለጉት ወርዶ ለሚመለስ ነጋዴ ነበር። በሁለቱ መካከል ሕዝብ ቀረ፤ አርጎባው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ላይ ዛሬም ይገናኛሉ።

ዛሬም ከሰሜን ሸዋና ከወሎ ቆላ ወደ ባሕር የሚወርድ ወጣት አለ። አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ይገባል፤ ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ። በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. የመን አብየን አጠገብ ኢትዮጵያውያንን የጫነ ጀልባ ሰጥሞ ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ። እዚያ ውሃ ውስጥ ትንፋሹን በፈቃዱ የያዘ አልነበረም። ገመድ አልነበረም፤ መንገድ ላይ የሚጠብቅ ጠላቂ አልነበረም። ደላላው ሒሳቡን የሚዘጋው በመሄዳቸው እንጂ በመመለሳቸው አይደለም። እነዚህን ልጆች እያሰብኩ፣ ሳይመለሱ መቅረትን የፍቅር ጫፍ አድርጎ የሚያሳየኝን ፊልም ማድነቅ ያቅተኛል።

ኤንዞ እየሞተ እንኳ ወደ ጥልቁ መልሰኝ ብሎ የሚለምነው ተፎካካሪውን ነው፤ መጨረሻውም በሰው እጅ ያልፋል። ዣክን እንዲሄድ የምትለቀው ሴት ደግሞ ለምን እንደለቀቀችው ማንም አይጠይቃትም። ቤሶን ካሜራውን አብሮት ያወርዳል፤ እኔ ፊልሙ እዚያ ላይ እንዲቆይልኝ የምሻው ከእሷ ጋር ነበር፤ ለልጇ ምን ብላ እንደምትነግረው ለማወቅ።