ያየ ሰው ምን ዕዳ አለበት?

«ጎበኘ» የሚለው የአማርኛ ግስ ሁለት ፊት አለው። የታመመ ዘመድንና የታሰረ ወዳጅን እንጎበኛለን፤ ተራራንና የዱር እንስሳንም እንጎበኛለን። በመጀመሪያው ጊዜ ባዶ እጃችንን መሄድ ያሳፍረናል። በሁለተኛው ግን ያማረውን አይተን፣ ፎቶግራፍ አንሥተን፣ ተደስተን እንመለሳለን። ለመሆኑ ውበትን የተመለከተ ሰው ዕዳ አለበትን? አለበት ከተባለስ የሚከፍለው ለማን ነው?

ጥያቄው ከሐርጌሳ ሩቅ አይደለም። ወደ በርበራ በሚወስደው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ወደ ላስ ጌል ይደርሳል፤ ስሙ ሲተረጎም የግመሎች ውኃ መጠጫ እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ የፈረንሳይ የአርኪዮሎጂ ቡድን ለዓለም ያስተዋወቀው፣ የአካባቢው አርብቶ አደሮች ግን ከዚያ በፊትም ያውቁት የነበረው ይህ አለት በሺህ ዓመታት የሚቆጠር ዕድሜ ያላቸውን ሥዕሎች ይዟል። አንገታቸው ያጌጠ ላሞችና እጃቸውን የዘረጉ ሰዎች ዛሬም ቀለማቸው ደምቆ ይታያል። ሠዓሊዎቹ ከብቱን የተመለከቱት እንደ መንገደኛ አልነበረም፤ ከእርሱ ጋር የኖሩ፣ በእርሱም የኖሩ ሰዎች ነበሩ። እኛ ከሩቅ መጥተን የምናደንቀው ውበት ለእነርሱ የዕለት ኑሮ ነበር።

ከዚሁ ምድር የሚገኝ ሌላም ውበት አለ። ሶማሌዎች «ሐረምዓድ» የሚሉት አቦሸማኔ በዓለም ዱር ሁሉ የቀረው 7,000 ያህል ብቻ ነው። ግልገሎቹ ከእናታቸው እየተነጠቁ፣ በሶማሊላንድ ጠረፍ በኩል የኤደንን ባሕረ ሰላጤ እየተሻገሩ በዓረብ ባሕረ ገብ ምድር ለባለጠጎች ይሸጣሉ፤ ብዙዎቹ በመንገድ ይሞታሉ። ልብ እንበል፤ ገዢው እንስሳውን የሚገዛው ጠልቶት አይደለም። ውበቱ ማርኮት፣ የግሉ ሊያደርገው ፈልጎ ነው። ግልገሉ ግን ከእናቱ ጋር ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይቶ አደን ሊማር ይገባው ነበር። ያንን ትምህርት የተነፈገ ግልገል ከነጋዴ እጅ ቢድንም ወደ ዱር ተመልሶ ራሱን መመገብ ይሳነዋል፤ ዕድሜውን በአጥርና በሰው እጅ ይጨርሳል። እንግዲህ ልክ ያጣ አድናቆት ከጥላቻ ያልተናነሰ ጉዳት ያደርሳል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የሶማሊላንድ ፍርድ ቤት በዚህ ንግድ የተገኙ ሁለት ሰዎችን በሦስት ዓመት እስራት ቀጥቷል። ፍርዱ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ በነጋዴው አይጀምርም። በ2016 እና በ2017 ድርቅ መንጋው ያለቀበት አርብቶ አደር፣ ከቀሩት ጥቂት ፍየሎች አንዲቱን አቦሸማኔ ቢበላበት፣ በዓይኑ የሚታየው የእንስሳው ፍጥነትና ውበት ሳይሆን የልጆቹ ወተት ነው። የእኛን ደስታ ዋጋ የሚከፍለው እርሱ ነው፤ ያውም ሳንጠይቀው።

ይህ የአንድ አገር ነገር ብቻ አይደለም። ጭላዳ ዝንጀሮና ዋልያ የሚታዩበት የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተርታ ገባ፤ በ2017 ከዚያ ወጣ። ከመውጣቱ ቀደም ብሎ፣ በ2016፣ በፓርኩ ውስጥ የነበረው የጊች መንደር ሕዝብ ወደ ደባርቅ እንዲዛወር ተደርጓል። ሣሩ እንዲያገግም እርሻውና ግጦሹ መቀነስ ነበረበት፤ ይህን ማስተባበል አይቻልም። ነገር ግን ዛሬ በጊች ሜዳ ላይ ቆሞ ጸጥታውን የሚያደንቅ ጎብኚ፣ ያ ጸጥታ የማን ምድጃ ጠፍቶ የተገኘ እንደሆነ ማሰብ አይገባውምን?

መፍትሔ የሚመስል ነገር ለማየት ሩቅ እንሂድ። በማዕከላዊ አሜሪካ የምትገኘው ኮስታ ሪካ በበቀቀኖቿ፣ በጦጣዎቿና በባሕር ኤሊዎቿ ጎብኚዎችን ትስባለች። በ1996 ባወጣችው የደን ሕግ መሠረት፣ ከ1997 ጀምሮ ደኑን ሳይመነጥር ለሚጠብቅ ባለ መሬት ትከፍላለች፤ ለክፍያውም ከነዳጅ ቀረጥ ትወስዳለች። ክፍያው ብቻውን ያመጣው ባይሆንም፣ በእጅጉ ተመናምኖ የነበረው ደኗ ዛሬ ከምድሯ ግማሽ ያህሉን ሸፍኗል። የሐሳቡ ፍሬ ቀላል ነው፤ በውበቱ የሚጠቀም፣ ውበቱን ለሚጠብቀው ይክፈል።

«ታዲያ ከናካቴው ባንሄድ አይሻልም?» የሚል ይኖር ይሆናል። አይመስለኝም። የማያውቁት አገር አይናፍቅም እንደሚባለው፣ ያላዩትም ነገር አያሳዝንም። ማየት የኃላፊነት መጀመሪያ ነው፤ ጥፋቱ በማየት ብቻ መቅረት ነው። መንግሥት የሚሠራውን ሕግ እኛ ልንሠራው አንችልም፤ ከእጃችን የማይርቅ ነገር ግን አለ። በሰንሰለት ከታሰረ ግልገል ጋር ፎቶግራፍ አለመነሣት፣ የአለቱን ሥዕል አለመንካት፣ መንገድ የሚያሳየንን የአካባቢውን ሰው ሳንከራከር መክፈል፣ ከእረኛው ወተት መግዛት፣ ከሁሉም በላይ ድርቁ እንዴት እንዳሳለፈው መጠየቅ። የታመመን ዘመድ ስንጎበኝ የምናደርገውም ይህንኑ ነው፤ ጥቂት ይዘን እንሄዳለን፣ «እንዴት ሰነበትህ?» ብለንም መልሱን እንሰማለን።