አመድ የጫነች አህያ

ከሆሳዕና ወጣ ብሎ፣ በሌሞ ወረዳ፣ ሀንዲሶ የሚባል ገበሬ ነበረ አሉ። ሁለት በሬ፣ ሁለት ላም፣ አንድ ጥጃና አንዲት አህያ ነበሩት። ጓሮው እንሰት ነው፤ ከእንሰቱ ቁልቁል ደግሞ የስንዴ ማሳ፣ ቀይ አፈር።

ሀንዲሶ ሒሳብ ያውቃል። ከተማ ውስጥ እንጀራ የሚጋግሩ ሴቶች ኩበት እንደሚገዙ ያየ ዕለት ሚስቱን ወርቄን «ከእንግዲህ እበት እንሰት ሥር አይጣልም፤ ተጠፍጥፎ ይድረቅ» አላት። ገበያ በዋለ ቁጥር አህያዋን ይጭናል፣ ይሸጣል፣ ብሩን ይቋጥራል። ሰኔ ሲገባ ከማኅበሩ መጋዘን ማዳበሪያ ይገዛበታል።

በመጀመሪያው ዓመት የኩበቱ ብር አንድ ኩንታል ገዛ፤ ስንዴውም አማረ። በሁለተኛው ዓመት ያው ኩበት ግማሽ ኩንታል ብቻ ገዛ። በሦስተኛው የጎደለውን ለመሙላት ጥጃውን ሸጠ፤ ጥጃው ሲሄድ እበቱም አብሮት ሄደ።

በአራተኛው ዓመት ብሩም ተገኘ፣ ስሙም መዝገብ ላይ ሰፈረ፤ ማዳበሪያው ግን አልመጣም። የመጋዘኑ ዘበኛ «መርከቡ ጅቡቲ ነው» አለው። በሳምንቱ ተመልሶ ሄደ፤ አሁንም ጅቡቲ ነው። ዝናብ ሰው አይጠብቅምና ባዶውን ዘራ። ስንዴው በቀለ። ጥቂት ቆይቶ ግን ቅጠሉ ወይን ጠጅ መልክ ያዘ፣ ቀጨጨ፣ ከጉልበት ሳያልፍ ዛላ አወጣ።

ያን ዓመት ቤቱን ያኖረው ቆጮ ነው። ሀንዲሶ እንሰቱ መሀል ቆሞ ዙሪያውን አየ። እበት ካጣ አራት ዓመቱ፤ ለምልሟል።

«የተሾመ እናት፣ እበት ትደብቂ ነበር?»

«ምን ደበቅኩ! ለምድጃዬ የተውክልኝን ኩበት አነደድኩ፣ አመዱን ጠዋት ጠዋት እዚህ ደፋሁ። አመድ አትድፊ አላልከኝም።»

በሚቀጥለው ገበያ ሀንዲሶ ኩበቱን እንደሸጠ ገዢዋን እስከ ቤቷ ተከተላት። «እትዬ፣ አመዱን የት ነው የሚደፉት?» ሴትዮዋ በእጇ ቦዩን አሳየችው። ቁጢጥ ብሎ ማሰ። ላዩን ዝናብ መትቶት ደርቋል፤ ሥሩ ግን ዱቄት ነው። ፌስታሉን ለቀመ፣ ሚስማሩን ለቀመ፣ ከሰሉን ለየ። ከዚያ በእጁ እየዛቀ የዱሮውን የማዳበሪያ ጆንያ ሞላ፣ አፉን በቃጫ አሰረ፣ አህያዋ ላይ ጫነ። የሰፈሩ ጎረምሶች «አባባ፣ አመድ ገዝተው ነው?» ብለው ሳቁ። ሴትዮዋ አልሳቀችም። «በየገበያው ይምጡ» አለችው።

በዓመቱ ስንዴው የመጀመሪያውን ዓመት ያህል አልሰጠም። ቅጠሉ ግን አረንጓዴ ነበር።

የሀንዲሶ ስንዴ የተራበው ፎስፈረስ ነበር። ከማዳበሪያ ዋና ዋና ንጥረ ነገሮች ሁለቱ፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ፣ መንገዳቸው ለየቅል ነው። ናይትሮጅን አየር ውስጥ ሞልቷል፤ የተፈጥሮ ጋዝ ያለው አገር በፋብሪካ ዩሪያ ያደርገዋል። የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና ዳንጎቴ ግሩፕ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የተፈራረሙበት የጎዴው የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ፋብሪካ እንዲያመርት የታቀደው ዩሪያ ነው፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ፎስፈረስ ግን ከድንጋይ ይቆፈራል፣ በአሲድ ይሟሟል፤ ከታወቀው የዓለም የፎስፌት ድንጋይ ክምችት ደግሞ ትልቁ እጅ ያለው ሞሮኮ ነው። በኅዳር 2009 ዓ.ም. ከሞሮኮው የፎስፌት ኩባንያ ኦሲፒ ጋር ለድሬዳዋ የታሰበው ፋብሪካ እንኳ ጋዙን ከእኛ፣ ፎስፎሪክ አሲዱን ከሞሮኮ እንዲያገኝ ነበር የታቀደው። ምዕራብ ወለጋ ቢቂላል ላይ ፎስፌት ያዘለ ድንጋይ አለን፤ ከብረት ማዕድን ጋር የተቀላቀለ ነው፤ በጅቡቲ የሚገባውን የፎስፈረስ ማዳበሪያ፣ ዳፕም ሆነ ኤንፒኤስ፣ እስካሁን አልተካልንም።

ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ ፎስፈረሱ አመዱ ውስጥ ይቀራል። አመድ በዚያ ላይ እንደ ኖራ የአፈርን አሲድ ያበርዳል። አሲዳማ ቀይ አፈር የተጨመረለትን ፎስፈረስ ከብረትና ከአልሙኒየም ጋር አስሮ ከሰብሉ ስለሚነፍገው፣ ለሀዲያና ለከምባታ ገበሬ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አገር በአመድ አይመገብም። መርከቡ መምጣት አለበት፣ በጊዜውም መምጣት አለበት። የሚቆጨኝ በዶላር ያስገባነው ፎስፈረስ በእህሉ፣ በገለባው፣ በከብቱ አልፎ ከተማ ከገባ በኋላ ቦይ ውስጥ መቅረቱ ነው። ለመስቀልና ለሀዲያው የያሆዴ በዓል የሚታረደው በሬ አጥንቱ አብዛኛው ካልሲየምና ፎስፌት ነው፤ ተቃጥሎ ሲፈጭ ማዳበሪያ እንደሚሆን ከታወቀ ቆይቷል። ኩበት ገዢዋን መውቀስ አይገባም፤ ምጣዷን የምትጥድበት ሌላ ማገዶ የላትም። የሆሳዕናም የዱራሜም ማዘጋጃ ቤት ቆሻሻ ሲያነሳ አመዱንና አጥንቱን ለብቻ ቢለይ፣ የገበሬዎቹ ማኅበራትም ማዳበሪያ በሚያከፋፍሉበት መጋዘን ቢረከቡት፣ ሥራው ነገ ሊጀመር ይችላል።