የአደራ ትምህርት

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ስለ ትምህርትና ሃይማኖት በሁለት ቦታ ይናገራል። አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ መካሄድ እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 27 ደግሞ ወላጆችና ሕጋዊ ሞግዚቶች በእምነታቸው መሠረት የሃይማኖትና የመልካም ሥነ ምግባር ትምህርት እየሰጡ ልጆቻቸውን የማሳደግ መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። ሁለቱ አንቀጾች አይጋጩም። ነገር ግን አንድ ሥራ ለማንም ሳይሰጡ ያልፋሉ። ሙስሊሙ ልጅ ጠዋት ከትምህርት ቤት ያመጣውን ሳይንስና ከሰዓት ከመድረሳ ያመጣውን ቁርአን ማን ያገናኝለት? መምህሩ ስለ ቁርአኑ አይጠየቅም፤ ኡስታዙም ስለ ሒሳቡ አይጠየቅም። ልጁ ግን አንድ ሰው ነው፤ ሁለቱንም ይዞ የሚገባውም አንድ ቤት ነው።

ሙስሊም ቤተሰቦች ይህን ሥራ በየአቅማቸው ይሠሩታል። ትምህርት በፈረቃ በሚሰጥባቸው ከተሞች ልጁ ግማሽ ቀኑን ለትምህርት ቤት፣ ግማሹን ለመድረሳ ይሰጥና ማታ ወላጁ ሁለቱንም ይጠይቀዋል። በአሜሪካ ቤት ውስጥ ማስተማር በሁሉም ግዛቶች ሕጋዊ ስለሆነ፣ ሒሳቡንም እንግሊዝኛውንም ቁርአኑንም ጠቅልለው በቤታቸው የሚያስተምሩ ሙስሊም ቤተሰቦች አሉ። ጀርመን ውስጥ ትምህርት ቤት መግባት ግዴታ በመሆኑ ለቤት የሚተርፈው ማታና የዕረፍት ቀን ብቻ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶቻችን ሲዘጉ ደግሞ አስተማሪ እሆናለሁ ብሎ አስቦ የማያውቅ ወላጅ ሁሉ በድንገት አስተማሪ ሆኖ ተገኘ።

ወላጆች ስለዚህ ጉዳይ ሲመካከሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ጥያቄዎች የመሣሪያ ጥያቄዎች ናቸው፦ የቱ መጽሐፍ ይሻላል? ዐረብኛ ፊደል በየትኛው አፕሊኬሽን ይጀመር? ቁርአን ይቅደም ወይስ ንባብና ቁጥር? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ከእነሱ በፊት መመለስ ያለበት ግን ሌላ ነው፦ ወላጅ ልጁን የሚያስተምረው በምን ሥልጣን ነው? ለዚህ የምንሰጠው መልስ ምን እንደምናስተምር ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደምናስተምርና መቼ ማቆም እንዳለብንም ይወስናል።

ሁለት የተለመዱ መልሶች አሉ። አንደኛው ልጁ የእኔ ነው ይላል፤ ወልጄዋለሁ፣ አሳድጌዋለሁ፣ የምፈልገውን አደርገዋለሁ። ሁለተኛው ልጁ የአገር ነው ይላል፤ ወላጅ መንግሥት የነደፈውን ሥርዓተ ትምህርት አስፈጻሚ ነው። ሁለቱ ተቃራኒ ይመስላሉ፤ ሥር ላይ ግን ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ልጁን የሌላ ሰው ንብረት ያደርጉታል። የእስልምና ሊቃውንት ሦስተኛ መልስ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1111 የሞቱት ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን» በተባለው ሥራቸው ልጅ በወላጆቹ እጅ ያለ አደራ ነው ይላሉ።

ይህን ቃል ብዙ ጊዜ እንሰማዋለን፤ ስለምንሰማውም ክብደቱን እንዘነጋለን። በፊቅህ፣ በእስልምና ሕግ፣ ውስጥ አደራ ስሜት ብቻ አይደለም፤ ደንብ ያለው ነገር ነው። ሰው ዕቃ አደራ ሲቀበል የሚታሰርባቸው ግዴታዎች ግልጽ ናቸው። በአደራው ለራሱ ጥቅም ሊገለገል አይችልም። ለዚያ ዓይነት ዕቃ በሚገባ ቦታ ሊያስቀምጠው ይገባል፤ ቸል ብሎ ቢጠፋ ይጠየቃል። ያለ ፈቃድና ያለ ችግር ለሌላ ሰው አሳልፎ አይሰጥም። ባለቤቱ ሲጠይቀውም ይመልሳል። አማርኛ ተናጋሪው ሁሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ «አደራ በላ» ከሚለው ስድብ የከፋ እንደሌለ ያውቃል። እንግዲህ እነዚህን ግዴታዎች አንድ በአንድ ወደ ልጅ ትምህርት ብናመጣቸው ምን ይላሉ?

የመጀመሪያው በአደራ አለመገልገል ነው። ልጅን ቤት ውስጥ የሚያስተምር ወላጅ ያለበት ትልቁ ፈተና ይህ ይመስለኛል። ልጁ ይህን ያህል ጁዝ (የቁርአን ክፍል) ሐፈዘ፣ በዚህ ዕድሜው ቁርአንን ኸተመ፣ ከክፍሉ ሁለት ዓመት ቀድሞ ማባዛት ቻለ እያሉ በዘመድ ፊት ማቆም የልጁን ትምህርት የወላጅ ጌጥ ያደርገዋል። ጌጥ የሚፈለገው እንዲታይ ስለሆነ፣ ልጁ ሲዘገይ ቁጣ ይመጣል፤ ቁጣውም ወደ ዱላ ይሄዳል። የታሪክ ሊቁ ኢብን ኸልዱን እ.ኤ.አ. በ1377 በጻፉት «ሙቀዲማ» ውስጥ ይህን ጉዳይ ራሱን በቻለ ምዕራፍ አንሥተውታል። በጭካኔ የተማረ ልጅ ትጋቱ ይጠፋል፤ ቅጣት ሽሽት በውስጡ ያለውን ደብቆ ሌላ ማሳየት ይለምዳል፤ ልማዱም ጠባይ ይሆንበታል ይላሉ። ነገሩን ልብ እንበለው። ልጁን እውነት ይናገር ዘንድ ቁርአን ልናስተምረው ተነሥተን፣ በማስተማሪያ መንገዳችን ውሸት አስተማርነው ማለት ነው። አል-ገዛሊም ልጅ ከትምህርት በኋላ መልካም ጨዋታ እንዲጫወት ሊፈቀድለት እንደሚገባ ጽፈዋል። ጨዋታን ከልክሎ ሁልጊዜ በትምህርት ማድከም ልቡን ይገድላል፣ ከትምህርት ማምለጫ ብልሃት እንዲፈልግም ያደርገዋል ባይ ናቸው።

ሁለተኛው በሚገባ መጠበቅ ነው። እዚህ ላይ ጥበቃ ማለት ምን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ወላጅ ልጁን ቤት የሚያስተምረው የውጭውን ዓለም ፈርቶ ነው። ፍርሃቱ ብዙ ጊዜ መሠረት አለው፤ በስሙ፣ በአለባበሱ ወይም በሶላቱ የሚሳለቁበት ልጅ ወላጅ ቢሰጋ አይፈረድበትም። ሆኖም ልጅን ከዲን ዕውቀት ማጉደል ቸልተኝነት ከሆነ፣ ከሒሳብና ከሳይንስ ማጉደልም ቸልተኝነት ነው። ይህን የምለው ዘመኑ ስላስገደደ አይደለም። አል-ገዛሊ ራሳቸው ሕክምናንና ሒሳብን ማኅበረሰቡ በጋራ ከሚጠየቅባቸው ግዴታዎች፣ ከፈርድ ኪፋያ፣ ይቆጥሯቸዋል። በዘመናቸው ሰው ሁሉ ወደ ፊቅህ ክርክር ሲጎርፍ ሙስሊም ሐኪም የሌላቸው ከተሞች መኖራቸውን አንሥተው አጥብቀው ወቅሰዋል። በእሳቸው አስተሳሰብ ሐኪም ለመሆን የሚማር ልጅ ከዲን አልወጣም፤ የማኅበረሰቡን ዕዳ ሊከፍል ነው የሚማረው።

ዲንንና አስኳላን በየራሳቸው ግንብ የታጠሩ ሁለት ዓለማት አድርገን ማየት የለመድነው የትምህርት ቤቶቻችን አደረጃጀት ስለለያያቸው ነው። ቤት ግን አጥር የለውም። ሁለቱን ማገናኘት ቀላል ነው ማለት ግን አይደለም። የሒሳብ ጥያቄ ውስጥ ብርቱካኑን አውጥቶ መስጊድ ማስገባት፣ አራት መስጊድ ሲደመር ሦስት መስጊድ ብሎ ማስተማር፣ ሁለቱን ዕውቀቶች አያገናኝም። ልጁም ወዲያው ያውቀዋል። የሚገናኙት አንዱ ያነሣውን ጥያቄ ሌላው ሲመልሰው ነው።

ሚራስን፣ የውርስ ክፍፍልን፣ እንውሰድ። አንድ ሰው ሚስቱን፣ እናቱን፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ ቢሞት፣ ለሚስት አንድ ስምንተኛ፣ ለእናት አንድ ስድስተኛ ይወጣል፤ የቀረውን ወንዱ ሁለት እጅ፣ ሴቷ አንድ እጅ ይካፈሉታል። ይህን ያለ ክፍልፋይ ሒሳብ ማንም ሊያደርሰው አይችልም። ልጁ የጋራ ታህት ፈልጎ ንብረቱን 72 ቦታ ሲከፍለው ሚስት 9፣ እናት 12፣ ወንዱ ልጅ 34፣ ሴቷ ልጅ 17 ይደርሳቸዋል፤ ሲደመርም 72 ይሞላል። የሒሳብ ሊቁ አል-ኸዋሪዝሚ በ9ኛው ክፍለ ዘመን የአልጀብራን መጽሐፍ ሲጽፉ ሰዎች ለውርስ፣ ለኑዛዜና ለንግድ ሒሳብ ስለሚቸገሩ መሆኑን ተናግረዋል። ልጁ ሒሳብ ፍትሕን ለማድረስ እንደሚያስፈልግ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው።

ቂብላም፣ የስግደት አቅጣጫው፣ እንዲሁ ነው። ከአዲስ አበባ መካ ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምስራቅ ዘንበል ብላ ናት። ዋሽንግተን የሚኖር ልጅ ግን የግድግዳ ካርታ አይቶ መካ ከእሱ ከተማ በስተደቡብ ምስራቅ ናት ብሎ ይደመድማል። ቤተሰቡ የሚሰግደው ግን ወደ ሰሜን ምስራቅ ነው። ለምን? መልሱ መሬት ክብ በመሆኗ ላይ ነው፤ በሉል ላይ ክር ወጥሮ ሲያየው አጭሩ መንገድ ወደ ሰሜን ታጥፎ ይሄዳል። ያ ልጅ በዚያ ቀን ካርታ የመሬትን ቅርጽ እንደሚያዛባ ተማረ፤ ዓይን ያሳየውን በማስረጃ መመርመርም ተማረ። በየቀኑ አምስት ጊዜ ወደዚያው አቅጣጫ ስለሚቆም አይረሳውም።

ወላጆች ስለሚጠይቁት የመጽሐፍና የአፕሊኬሽን ምርጫ ከተነሣ፣ ኢብን ኸልዱን በአንድ የዕውቀት ዘርፍ የመጻሕፍትና የማስተማሪያ ስልቶች መብዛት ተማሪን ከግቡ እንደሚያደናቅፍ ተናግረዋል። እሳቸው ይህን ያሉት መጽሐፍ በእጅ በሚገለበጥበት ዘመን ነው። ዛሬ አንድ ወላጅ በአንድ ማታ ሊቆጥራቸው ከማይችለው በላይ የመልመጃ ወረቀት፣ ቪዲዮና አፕሊኬሽን ያገኛል። ልጁ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዘል የሁሉንም መጀመሪያ ያውቃል፤ የአንዱንም መጨረሻ አያውቅም። በወሎ ሊቃውንት ዘንድ ደረሳ (ተማሪ) አንድ ኪታብ ይዞ እስኪጨርሰው ከሸኹ ፊት የሚቀራበት ሥርዓት የተሻለ ጥበብ አለው። ጥቂት መልካም መጽሐፍ መርጦ፣ ወላጁም አብሮ አንብቦ፣ እስከ መጨረሻው መዝለቅ ከብዙ ቁሳቁስ ይበልጣል።

ሦስተኛው ግዴታ ለሌላ አሳልፎ ስለ መስጠት ነው። ልጅን ወደ ትምህርት ቤትም ሆነ ወደ መድረሳ መላክ ከአደራው ነጻ አያወጣም፤ ጠባቂው ለማን እንደሰጠ ይጠየቃል። በአንጻሩም ሁሉን ነገር ቤት ውስጥ አስቀራለሁ ማለት አደራን መጠበቅ አይደለም፤ ወላጅ ሁሉን አያውቅምና። በዳና፣ በጌታና በጀማ ንጉሥ የትምህርት ማዕከላት የደመቀው የወሎ የኢልም (የዕውቀት) ባህል ይህን ያውቅ ነበር። ደረሳ ፊቅህን ከአንዱ ሸኽ ቀርቶ ለነሕው (ለዐረብኛ ሰዋስው) ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ሸኹም ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ እዚያ አለ ብሎ መምራቱ ክብሩን አያጎድልበትም ነበር። ሊቃውንቱ ዐረብኛ ለማያውቀው ሕዝብም በቋንቋው ደርሰውለታል፤ ሸኽ ጦልሓ ጃዕፈር መንዙማቸውን (ሃይማኖታዊ ግጥማቸውን) በዐረብኛ ፊደል፣ በአማርኛ ቋንቋ ጽፈዋል። ቤቱን ትምህርት ቤት ያደረገ ወላጅ ከዚህ ሁለት ነገር ይወስዳል፦ የማያውቀውን ለሚያውቅ መስጠትን፣ ልጁ በአፉ የሚያነበንበውንም በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲረዳው ማድረግን። ጎረቤቱን፣ ክርስቲያን ዘመዱንና የሰፈሩን ልጆች ሳያውቅ ያደገ ልጅም ስለ ፍትሕና ስለ ጉርብትና የተማረው ሁሉ የሚሠራበት ቦታ ያጣል።

የመጨረሻው ግዴታ መመለስ ነው። ልጅን ከወርቅና ከብር አደራ የሚለየውም ይህ ነው። ወርቅ እንደተሰጠ ይመለሳል፤ ልጅ ግን በእጃችን ላይ እያለ ይለወጣል፣ ራሱም ባለ አደራ ይሆናል። በሸሪዓ ልጅ ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ሲደርስ ሙከለፍ ነው፤ ስለ ሶላቱ፣ ስለ ቃሉ፣ ስለ ሥራው ራሱ ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ አባቱ ሊሰግድለት፣ እናቱም ልታምንለት አይችሉም። ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚሰጥ ትምህርት ሁሉ ወደዚያ ቀን የሚያደርስ ዝግጅት ነው።

እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ወላጅ እምነቱን ገና ማመዛዘን ለማይችል ልጅ ማስተማሩ ምርጫውን መቀማት አይሆንም? ጥያቄውን የውጭ ሰው ብቻ የሚያነሣው ከመሰለን ተሳስተናል። አል-ገዛሊ «አል-ሙንቂዝ» በተባለው መጽሐፋቸው ራሳቸውን ለእውነት ፍለጋ ያነሣሣቸው ይኸው ጥያቄ መሆኑን ጽፈዋል። የክርስቲያን ልጆች ክርስቲያን፣ የአይሁድ ልጆች አይሁድ፣ የሙስሊም ልጆችም ሙስሊም ሆነው ሲያድጉ አይተው፣ ከወላጅና ከአስተማሪ በውርስ የተገኘን እምነት ከእርግጠኛ ዕውቀት የሚለየው ምን እንደሆነ መረመሩ። ከዚያ ምርመራ በኋላ ግን ልጆችን አታስተምሩ አላሉም። ምንም ሳይማር ያደገ ልጅ ነጻ አይሆንም፤ መንገድና ገበያ ያስተምሩታልና፣ እነሱ ደግሞ አደራ የለባቸውም። ቋንቋ ያልተማረ ልጅ ቋንቋ እንደማይመርጥ፣ አንድ ነገር ከልቡ ተምሮ የማያውቅም የሚመዝንበት ሚዛን አይኖረውም።

ልዩነቱ ያለው በአሰጣጡ ላይ ነው። ትእዛዙን ከነምክንያቱ የሚሰጥ፣ «ለምን?» ሲባል የማይቆጣ፣ የማያውቀውን አላውቅም ብሎ ከልጁ ጋር የሚፈልግ ወላጅ ልጁን ለዚያ ቀን ያዘጋጀዋል። ጥያቄን በዱላ የሚዘጋ ወላጅ ግን አደራውን ለራሱ አስቀርቷል፤ ልጁ በሃያ ዓመቱም የሚያስበው በአባቱ ፊት ወይም ከአባቱ በመሸሽ ብቻ ነው። እንግዲህ በቤት ውስጥ ማስተማር የሚለካው በተሐፈዘው ጁዝ ወይም በፈተና ውጤት ብቻ አይደለም። ልጁ አንድ ቀን ከወላጁ የተለየ ሐሳብ ይዞ፣ በአደብና በማስረጃ ሊያስረዳ ሲችል፣ ወላጁም ያን ሰምቶ ሊመዝን ሲችል፣ አደራው በሚገባ ተጠብቋል። ያን ለማድረግ ደግሞ ወላጅ ዛሬውኑ የልጁን ጥያቄ እንደ ትምህርቱ ክፍል መቁጠር አለበት።