በዒዳ ውስጥ ስለሚሸጥ ቤት

 

አማኞች ሆይ! ባልና ሚስት በሚለያዩበት ጊዜ ሰዎች ወደ ዑለማ እየመጡ የሚጠይቁት ስለ መህር፣ ስለ ቀለብና ስለ ልጆች አስተዳደግ ነው። ስለ ቤቱ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የቤቱ ወረቀት በማን ስም እንደ ተጻፈ የታወቀ ነውና፣ ስሙ የተጻፈለት ሰው ነገሩ በዚያው ያለቀ ይመስለዋል። በዚህች አጭር መልእክት ልንመረምር የወደድነው ይህንኑ ነው። አንድ ነገር በሕግ የኔ ስለ ሆነ ብቻ በማናቸውም ሰዓትና በማናቸውም አሳብ ልሸጠው ይገባኛልን?

አላህ በ65ኛው ምዕራፍ በሱረቱ ጦላቅ መጀመሪያ ላይ፣ ባሎች የፈቷቸውን ሴቶች ዒዳቸው ሳይፈጸም ከቤቶቻቸው እንዳያስወጡ ከልክሏል፤ ሴቶቹም ራሳቸው እንዳይወጡ አዟል፤ ግልጽ የሆነ ጸያፍ ሥራ የተገኘ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚህ ላይ አንዲት ቃል ልብ ልትባል ይገባታል። ቤቱን የሠራው ወይም የገዛው ብዙውን ጊዜ ባል ነው፤ ቁርኣን ግን ቤቱን የሚጠራው የሴቶቹ አድርጎ ነው። በ671 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ታላቁ የቁርኣን ተንታኝ ቁርጡቢ ይህን ሲያብራሩ፣ ቤቱ ለሴቶቹ የተባለው የመኖሪያ መብት ስላላቸው እንጂ ባለንብረት ስለ ሆኑ አይደለም ብለዋል። እንግዲህ ወረቀቱ በባል ስም ይቆያል፤ ጣሪያው ግን ለጊዜው የርሷ ነው። አላህ ራሱ የርሷ ብሎ የጠራውን ጣሪያ ከላይዋ አንሥቶ በገበያ የሚያስማማ ሰው ምን እያደረገ እንደ ሆነ ያስብ።

ይህ ጊዜስ ለምን ተሰጠ? የወር አበባ የምታይ ሴት ሦስት ቁርእ፣ የማታይ ሦስት ወር፣ እርጉዝም እስክትወልድ ድረስ ትቆያለች። ፍቹ አንድ ወይም ሁለት ከሆነ ባል በዚህ ጊዜ ውስጥ ያለ አዲስ ኒካሕና ያለ አዲስ መህር ሊመልሳት ይችላል። የዚያችው አንቀጽ መጨረሻም አላህ ከፍቹ በኋላ አዲስ ነገር ያመጣ እንደ ሆነ ሰው እንደማያውቅ ይጠቁማል፤ ተንታኞችም አዲሱን ነገር መታረቅ ነው ብለው ተረድተውታል። መታረቅም ቦታ ይፈልጋል። በቁጣ የተለያዩ ሰዎች ልብ የሚለዝበው በቃዲ ፊት አይደለም። ሰውዬው ማታ ሲገባ የልጆቹ ጫማ በደጃፉ ተደርድሮ ያያል፤ ሴቲቱም በለመደችው ማዕድ ቤት ውስጥ ሆና የሱን ሳል ትሰማለች፤ አንድ ሕፃን በሁለቱ መካከል ውሃ ይዞ ይመላለሳል። እንዲህ ባለ ተራ ነገር ስንት ትዳር ተመለሰ! ደላላ ገብቶ ክፍሎቹን መለካት በጀመረ ጊዜ ግን ያ ቦታ ጠፋ። ሰውዬው የሸጠው ድንጋዩንና በሩን ብቻ ይመስለዋል፤ የራሱንም መመለሻ አብሮ ሸጧል።

ሊቃውንትም ይህን ነገር በዝምታ አላለፉትም። በ676 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ኢማም ነወዊ፣ ሚንሃጅ በተባለውና በሻፊዒ መዝሀብ ተማሪዎች ዘንድ በታወቀው መጽሐፋቸው፣ ቤቱ የባል ከሆነና ለሴቲቱም የሚስማማ ከሆነ ዒዳዋን በዚያው ልትፈጽም እንደሚገባ ይገልጻሉ። ሽያጩንም በተመለከተ ዒዳዋን በወር የምትቆጥር ከሆነች ቤቱ እንደ ተከራየ ቤት ይታያል፤ ይሸጣል፣ ገዢው ግን ቀኑ እስኪደርስ ይጠብቃል። በመዝሀቡ ውስጥ ይህም ቢሆን አይጸናም ያሉ አሉ። ዒዳዋ በቁርእ ወይም በመውለድ የሚፈጸም ከሆነ ግን ሽያጩ ከነጭራሹ አይጸናም፤ የሚያበቃበት ቀን አይታወቅምና፣ ገዢው መቼ እንደሚረከብ የማያውቀውን ነገር እየገዛ ነው። የሚገርመው፣ ምክንያቱ የተነሣው ከገዢው ወገን ሲሆን ጥቅሙ የደረሰው በክፍልዋ ተቀምጣ ለምትጠብቀው ሴት መሆኑ ነው። የአብዛኞቹ ሴቶች ዒዳ ደግሞ ከዚህ ከሁለተኛው ዓይነት ነው።

መመለስ በማይቻልበት ፍች ለተፈታችው ሴት የመኖሪያ መብት አላት ወይስ የላትም በሚለው ሊቃውንት ተለያይተዋል። ሐነፊዎች መኖሪያም ቀለብም አላት ይላሉ፤ ማሊኪዎችና ሻፊዒዎች መኖሪያ አላት፣ ቀለብ ግን እርጉዝ ካልሆነች የላትም ይላሉ፤ በሐንበሊዎች ዘንድ የታወቀው ሁለቱም የሏትም የሚለው ነው፤ ማስረጃቸውም የፋጢማ ቢንት ቀይስ ሐዲሥ ነው። ሰይዲና ዑመር (ረዲየላሁ ዐንሁ) ይህን ሐዲሥ አልተቀበሉትም፤ እመት ዓኢሻም ፋጢማ ከዚያ ቤት የወጣችው ቦታው ጭር ያለና የሚያስፈራ ስለ ነበር ነው ብለዋል። ዝርዝሩን ለመጻሕፍቱ እንተወው። ከዚህ የምንወስደው፣ ሸሪዓ ሴቲቱን በማይኖርበት ቤት ውስጥ አስሮ እንደማያስቀምጣት ነው። ድብደባ ወይም ፍርሃት ባለበት ስለ ጫማና ስለ ማዕድ ቤት የተናገርነው አይሠራም።

አንድ ጊዜ በካይሮ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ አንድ ሰው ቀርቦ እንዲህ ሲል ጠየቀ። ሚስቱን አንድ ጊዜ ፈትቷታል፤ ገና የመጀመሪያው ወር ነው። ቤቱ በስሙ ነው። ወንድሙ በውል ይገዛዋል፤ እርሷ ከልጆቿ ጋር ወጥታ ወደ አባቷ ቤት ከሄደች በኋላ ወንድምየው ቤቱን ይመልስለታል። ምስክሮችም አሉ፤ ዋጋውም ተጽፏል፤ ታዲያ ሐራሙ የቱ ላይ ነው? አለ። ለዚህ ሰው የሚሰጠው መልስ ከባድ አይደለም። ሁለቱም ወገኖች መሸጥና መግዛት ሳያስቡ ለማስመሰል ብቻ የሚዋዋሉትን ውል ፉቀሃእ በይዑ ተልጂአ ብለው ይጠሩታል፤ ሐነፊዎችና ሐንበሊዎችም እንዲህ ያለውን ሽያጭ ከንቱ ነው ብለዋል። ነገር ግን ሌላ ሰው መጥቶ እኔ የምሸጠው በእውነት ነው፣ ገንዘቡንም እቀበላለሁ፣ አሳቤ ግን እርሷን ማስወጣት ነው ቢለንስ? ክርክሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

መሸጥ የተፈቀደ ነው፤ ለመጉዳት ብሎ መሸጥ ግን ሌላ ሥራ ነው። የአንዳሉሱ ሊቅ ሻጢቢ (በ790 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት) ሙዋፈቃት በተባለው መጽሐፋቸው፣ ሰው በተፈቀደለት መብት ሌላውን ለመጉዳት ብሎ ሲሠራበት ያለውን ጉዳይ በሰፊው መርምረዋል። ከሰሓባዎችም ዘመን ምሳሌ አለን። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ በሞቱበት ሕመም ላይ ሳሉ ሚስታቸውን ቱማዲርን በመጨረሻው ፍች ፈቷት፤ ከሞቱም በኋላ ሰይዲና ዑሥማን ከውርሱ ድርሻዋን ሰጧት። ዑሥማን እኚህን ታላቅ ሰሓባ በክፉ አሳብ አልከሰሷቸውም፤ ፍች ግን ከውርስ መከልከያ በር እንዳይሆን ዘጉት። ኢማም ሻፊዒ በኋለኛው አስተያየታቸው ከዚህ ቢለዩም፣ ሐነፊዎች፣ ማሊኪዎችና ሐንበሊዎች፣ በዝርዝሩ ቢለያዩም፣ ይህን ፍርድ ተከትለዋል። ፍቹ በራሱ ትክክል ነበር፤ ያስከተለው ጉዳት ግን አልጸናም። ቤት ሻጩም ራሱን በዚህ ሚዛን ይመዝን።

የግብፅ መንግሥትም በዚህ ነገር ብዙ ደክሟል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 የወጣው 44ኛው ሕግ ልጆች ለምታሳድገው ሴት በትዳሩ ቤት ለብቻዋ የመኖር መብት ሰጥቶ ነበር፤ ብዙ ወንዶችም ከገዛ ቤታችን ተባረርን ብለው ጮኹ። የሕገ መንግሥቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1985 ሕጉን ከአወጣጡ ሥርዓት የተነሣ ሻረው፤ በዚያው ዓመት 100ኛው ሕግ ወጣ። ይህኛው፣ ፈቺው ለትንንሽ ልጆቹና ለአሳዳጊያቸው ተስማሚ የሆነ ለብቻ የሚኖሩበት ቤት እንዲያዘጋጅ ግዴታ ጣለበት፤ ቤቱ የኪራይ ካልሆነና ሌላ ተስማሚ ቤት ካዘጋጀላቸው ግን የራሱን ቤት ለራሱ እንዲይዝ ፈቀደለት። የወንዶቹ ጩኸት ሁሉ ሐሰት አልነበረም። ልጆችን እንደ ጋሻ ይዛ፣ ቤት መቀመጧን ለበቀል የምታደርግ ሴት አለች፤ ሰውዬውም አሮጊት እናቱን ይዞ በአንዲት ጠባብ ክፍል ይቀመጣል። እርስ በርስ መጎዳዳትን የከለከለው የነቢያችን (የአላህ ሰላትና ሰላም በርሳቸው ላይ ይሁን) ቃል የተነገረው ለወንድ ብቻ አይደለም።

ቤቱ የግድ መሸጥ ያለበትም ጊዜ አለ። ዕዳ ደርሶ አበዳሪው በር ላይ ቆሞ ይሆናል፤ ወይም ገንዘቡ ሁለት ቤት አይችልም፣ አንዱን ትልቅ ሽጦ ሁለት ትንንሽ መከራየት ይሻላል። በዚህ ሰዓት መሸጥ በደል አይደለም፤ በደል የሚሆነው አሻሻጡ ነው። ዒዳው ይፈጸም፤ ልጆቹ የሚገቡበት ክፍል አስቀድሞ ይታወቅ፤ ዋጋው በሚያውቁ ሰዎች ይገመት፤ ለአጎት ልጅ በግማሽ ዋጋ አይሰጥ። ቤቱ በሁለቱም ስም ከሆነ ደግሞ ባልንጀራ ባልንጀራውን ሳያስታውቅ ድርሻውን እንዳይሸጥ ነቢያችን አዘዋል፤ የሹፍዓ መብት የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። ሚስት በፍች ምክንያት ከባልንጀርነት አልወጣችም።

የሚቀረው፣ በወረቀቱ ላይ ስሟ ያልተጻፈው፣ ገንዘቧ ግን በግንቡ ውስጥ ያለው ሴት ጉዳይ ነው። በእስልምና የባልና የሚስት ሀብት በጋብቻ አይቀላቀልም፤ ይህም ለሴት ክብር ነው። ነገር ግን አንዲት ሴት በሠርጓ ቀን ያገኘችውን የወርቅ አምባር ሸጣ ለጣሪያው ከሰጠች፣ ያ ገንዘብ ስጦታ ነበር ወይስ ብድር ወይስ ሽርክና? በዚያ ቀን ማንም አልጠየቀም፤ ፍቅር ነበረና መጠየቁ ነውር ነበር። በሞሮኮ የሱስ አገር ፉቀሃእ የሴትን ልፋት ቆጥረው ከተፈራው ሀብት እንደ ድካሟ ያካፍሏት ነበር፤ በ2004 የወጣው የሞሮኮ የቤተ ሰብ ሕግም በ49ኛው አንቀጽ የእያንዳንዱ ሀብት ለየብቻው መሆኑን ካጸና በኋላ፣ ስምምነት ባይጻፍም እንኳ የእያንዳንዱ ድካምና መዋጮ እንዲታይ አድርጓል። ቃዲ ግን ያለ ማስረጃ ሊፈርድ አይችልም፤ ባልየው ግን ያለ ማስረጃ ያውቃል። ስለዚህ ገዢው ከመምጣቱ በፊት፣ ቁርኣን በአራተኛው ምዕራፍ እንዳዘዘው አንድ ሽማግሌ ከርሱ ቤተ ሰብ፣ አንድም ከርሷ ቤተ ሰብ ይቀመጡ፤ አላህ ሽማግሌዎቹን ለማስታረቅ ቢያዝም፣ እርቁ ካልሆነ ሒሳቡን ለማድረግ ከነርሱ የተሻለ የለም። አምባሮቹ ስንት ነበሩ? በየትኛው ዓመት ተሸጡ? በየትኛው ክፍል ላይ ዋሉ? ሰውዬው ራሱ ይናገር፤ እርሷ ሳትጠየቅ።