ለድብ አደን መሪንና ማደሪያን ስለ መምረጥ

ሰው ወደማያውቀው አገር ሲሄድ አስቀድሞ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ይኸውም መንገድ የሚያሳየው ሰውና ሌሊት የሚያሳድረው ቤት ነው። ይህ ለነጋዴም ለተሳላሚም የተለመደ ስለሆነ ብዙ የሚመረመር አይመስልም። ዳሩ ግን የሚሄድበት ጉዳይ ነፍስ ያለውን ፍጥረት መግደል የሆነ እንደሆነ፥ መሪውን የመረጠበት ምክንያት ከመንገድ ነገር አልፎ የሕሊና ነገር ይሆናል። በአላስካ የሚደረገውን የድብ አደን ምሳሌ አድርገን ይህን ጥቂት እንመርምር።

አላስካ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ወደ ሰሜን የራቀ አገር ነው። ከደሴቶቹም አንዱ ኮድያክ ይባላል፤ በዚያ የሚኖረው ቡናማ ድብ በዓለም ካሉት ድቦች ከታላላቆቹ የሚቈጠር ሲሆን፥ ከወንዶቹ ትልልቆቹ ከ600 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። የአገሩ ሕግ፥ የአላስካ ነዋሪ ያልሆነ አሜሪካዊ ቡናማ ድብ ለማደን ቢፈልግ፥ ፈቃድ ያለው መሪ ወይም ዕድሜው 19 ዓመት የሞላ የአላስካ ነዋሪ የሆነ የቅርብ ዘመድ ሳይዝ እንዳይወጣ ይከለክላል። ግልገልን ወይም ግልገል ያስከተለችን እናት መግደል ክልክል ነው። በአይሮፕላን የተጓዘም ሰው በዚያው ቀን ሊያድን አይፈቀድለትም፤ ከሰማይ አይቶ ወርዶ መግደል አደን አይባልምና። በኮድያክ ደግሞ አንድ ሰው በአራት ዓመት ውስጥ ከአንድ ድብ በላይ አይገድልም።

መሪ ስለ ምን አስፈለገ ቢሉ፥ አንደኛው ምክንያት አውሬው የሚያስፈራ፥ አገሩም የሚያስት ስለሆነ ነው። ሁለተኛው ግን ከዚህ ይልቅ ይጠልቃል። ድብ ከሩቅ ሲታይ ወንዱና ሴቲቱ በቀላሉ አይለዩም፤ ግልገሎቹም በሣር ውስጥ ተሰውረው እናቲቱ ብቻዋን የቆመች ትመስላለች። እንግዳው ይህን የሚለይ ዓይን የለውም። ስለዚህ ከሃያ ሺህ ዶላር በላይ ከፍሎ የሌላ ሰው ዓይን ይከራያል። ጣቱ የራሱ ነው፤ ዓይኑ ግን የተከራየው ነው። እንግዲህ መሪው «ወንድ ነው፥ ተኩስ» ብሎት እናት ገድሎ ቢገኝ፥ ጥፋቱ የማን ነው?

«ያዘዘኝ እርሱ ነው» ማለት ከአዳም ጀምሮ የታወቀ መልስ ነው፤ መልሱም ያን ጊዜ አላዳነም። የአላስካ ሕግም በዚህ ነገር ብልህ ሆኖ እናገኘዋለን። መሪው ያስጠጋው እንግዳ የአደኑን ሕግ ሲያፈርስ ያወቀ እንደሆነ ሳይዘገይ ለመንግሥት ማስታወቅ ግዴታው ነው፤ አደኑን የተዋዋለው ዋና መሪም ሠራተኞቹ በሥራቸው ላይ ሳሉ ላደረጉት ጥፋት አብሮ ይጠየቃል። ሕጉ አንዱን ከሌላው ጀርባ እንዲደበቅ አይተወውም። ይሁን እንጂ ሕግ የሚደርሰው ጥይቱ ከወጣ በኋላ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ግን የአዳኙ ኃላፊነት የሚጀምረው ድቡን ከማየቱ ከብዙ ወራት በፊት፥ በቤቱ ተቀምጦ ለመሪው ደብዳቤ ሲጽፍ ነው። «ካመጣሃቸው እንግዶች ቆዳ ይዘው የተመለሱት ስንቶች ናቸው?» ብሎ የጠየቀ ሰው፥ ምን እንደሚሻ ለመሪው ነግሮታል። መሪውም ሰምቶታል። በተራራው ላይ ልቡ ሲያመነታ የሚያስታውሰው ያን ደብዳቤ ነው።

የደመወዙም ነገር እንዲሁ ነው። አንዳንዱ መሪ ድብ ካልተገደለ ዋጋ አልቀበልም፥ ከተገደለ ግን ይህን ያህል ይጨመርልኝ ብሎ ይዋዋላል። ይህ ለእንግዳው ያደላ ውል ይመስላል። ነገር ግን የመሪው ልጆች እንጀራ በድቡ ሞት ላይ ከተንጠለጠለ፥ «ይህች እናት ትሆናለችና ተው» የሚለው ቃል ለአንደበቱ የቱን ያህል ይከብድ! እንግዳው ዓይን ተከራይቻለሁ ሲል ያን ዓይን በገንዘቡ አሳወረው።

መጽሐፈ ጦቢትን የሚያነብ ሰው በዚህ ነገር ታላቅ ጥንቃቄ ያገኛል። ጦቢት ልጁን ጦብያን ብር ሊያስመጣ ወደ ሜዶን አገር ሲልከው፥ አብሮት የሚሄደውን ሰው አስቀድሞ ከየትኛው ነገድና ከማን ወገን እንደሆነ ጠየቀው። ደመወዙንም በቀን አንድ ድሪም አድርጎ ከስንቅ ጋር ቈረጠለት፤ በደኅና ከተመለሱም ሊጨምርለት ተስፋ ሰጠው። አስተውል፤ ጭማሪው በብሩ መገኘት ላይ አልተቈረጠም፥ በደኅና በመመለሳቸው ላይ ነው እንጂ። ዓይነ ሥውሩ ሽማግሌ ዓይን ካላቸው ብዙ አዳኞች ይልቅ ውል ማዋዋል ያውቅ ነበር። በጉዞም ሳሉ ዓሣ ከወንዝ ወጥቶ ጦብያን ሊውጠው በቃጣ ጊዜ፥ ሩፋኤል ዓሣውን ይዞ ለልጁ አላስረከበውም፤ ራስህ ያዘው አለው እንጂ። ከዚያም ሐሞቱና ልቡ ጉበቱም ለምን እንደሚጠቅም አስተማረው። (የድብ ሥጋ ለእኛ ሥርዓት የማይበላ ስለሆነ ይህን ለማነጻጸር አይመችም፤ ቢሆንም በአላስካ ከሚገደለው ቡናማ ድብ ሕጉ በብዙ ስፍራ የግድ የሚያስወስደው ቆዳውንና የራስ ቅሉን ብቻ መሆኑን ሳላነሣ ባልፍ ደስ አይለኝም።)

መሪ ለእንግዳው ከመጠን በላይ ታማኝ ሲሆን ምን እንደሚመጣ በ1902 ዓ.ም. በፈረንጆች አቈጣጠር በሚሲሲፒ ታይቷል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በዚያ ዓመት በኅዳር ወር ጥቁር ድብ ሊያድን በሄደ ጊዜ፥ መሪ እንዲሆነው የተመረጠው ሆልት ኮሊየር ነበረ። ኮሊየር በባርነት የተወለደ፥ በጫካው ውስጥ ያደገ፥ ከሦስት ሺህ በላይ ድብ እንደገደለ የሚነገርለት ሰው ነው። ውሾቹ አንድ ድብ ከበቡ፤ ፕሬዚዳንቱ ግን ከተመደበለት ስፍራ ወደ ሰፈሩ ሄዶ ነበር። ድቡ ውሻ ሲገድልበት ኮሊየር ሊተኩስ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ድቡ የእንግዳው ስለሆነ አልተኰሰም። በጠመንጃው ሰደፍ መትቶ፥ በገመድ አንገቱን ጠምዶ ከዛፍ ጋር አሰረውና እንግዳው እንዲመጣ ላከበት። ሩዝቬልት መጥቶ ባየ ጊዜ የታሰረ አውሬ መተኰስ ለአዳኝ ነውር ነው ብሎ እንቢ አለ፤ ቈስሎ ነበርና ከሥቃዩ እንዲያርፍ ይገደል አለ፥ በቢላዋም ተገደለ። በኅዳር 16 ቀን በፈረንጆች ዋሽንግተን ፖስት የተባለው ጋዜጣ ሠዓሊው ክሊፎርድ ቤሪማን የሣለውን ሥዕል አወጣ፤ ከዚያም የተነሣ ዛሬ ሕፃናት ሁሉ የሚያቅፉት የአሻንጉሊት ድብ «ቴዲ» ተብሎ በፕሬዚዳንቱ ስም ተጠራ።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የርኅራኄ ታሪክ አድርጎ ያወራዋል። እኔ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይመስለኝም። ድቡ ሞቷል። እንቢታው የጠበቀው የአዳኙን እጅ ነው እንጂ የድቡን ሕይወት አይደለም። ከዚህም በላይ ድቡን ያሳሰረው ማን ነው? ኮሊየር በጭካኔ አላሰረውም፤ አገር የሚጠብቀው ታላቅ እንግዳ ባዶ እጁን እንዳይመለስ ሲል ነፍሱን ለአደጋ ሰጥቶ አሰረው። ገመዱን የፈተለው የእንግዳው ምኞት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ያም ሆኖ እንቢታው ከንቱ ነው አልልም። መሪው ያቀረበለትን ሁሉ የማይቀበል እንግዳ፥ ዓይኑን ቢያከራይም ሕሊናውን ከራሱ ጋር እንዳስቀረ ያሳያልና። በ1907 ሩዝቬልት በሉዊዚያና ዳግመኛ ድብ ሊያድን በወጣ ጊዜ ኮሊየር ከመሪዎቹ አንዱ ሆኖ ተጠራ፤ በመካከላቸው ቅሬታ አልነበረም ማለት ነው። ክብሩ ግን እኩል አልተካፈለም፤ የፕሬዚዳንቱን ስም ሕፃን ሁሉ ሲጠራው፥ በመሪው ስም በሚሲሲፒ የዱር አራዊት መጠጊያ የተሰየመው በ2004 ነው።

ወደ ማደሪያው ነገር እንመለስ። አዳኙ በቀን የሚሰማው የመሪውን ቃል ነው፤ ማታ ግን በምድጃው ዙሪያ የሚሰማው የቤቱን ወሬ ነው፥ ነገ የሚያደርገውንም ብዙ ጊዜ የሚቈርጥለት ይህ ወሬ ነው። ግድግዳው ሁሉ በቆዳ የተሸፈነ፥ የራስ ቅል ርዝመትና ስፋት ተለክቶ የእንግዳ ማዕርግ የሚሰጥበት ቤት አለ። በእንዲህ ያለው ቤት ሦስት ሌሊት ያደረ ሰው በአራተኛው ቀን ትንሹን ድብ ትልቅ አድርጎ ቢያየው አይደንቅም። ሌላ ቤት ደግሞ አለ፤ ባለቤቱ ስለ አልጋው ልስላሴ ሳይሆን የምግብ ትራፊ የት እንደሚጣልና ሥጋ የት እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ይናገራል። የሰው ምግብ የለመደ ድብ ወደ መንደር መመላለሱን አይተውም፤ መጨረሻውም በጥይት መሞት ነውና፥ ትራፊውን የሚጥል ባለቤት ፈቃድ ሳይኖረው ያድናል ማለት ይቻላል።

እኔ ብጠየቅ ለማደሪያው ባለቤት የምጽፍለት ጥያቄ አንድ ነው፤ ባለፈው ዓመት ምንም ሳይገድል ስለ ተመለሰ እንግዳው እንዲነግረኝ እለምነዋለሁ። እየሳቀ ቢነግረኝ ሌላ ቤት እፈልጋለሁ። ያ እንግዳ ምን እንዳየ፥ የትኛዋን ድብ ግልገሎቿ ሲከተሏት ተቀምጦ እንደ ተመለከተ ቢነግረኝ፥ ምድጃው ቢጤስም ወደዚያ እሄዳለሁ። በኮድያክ ዝናቡና ነፋሱ አዳኝን አንዳንድ ጊዜ ለብዙ ቀን በድንኳን ውስጥ ዘግቶ ያስቀምጠዋል፤ ያን ጊዜ ከመሪውና ከባለቤቱ ጋር ስለ ምን ሲነጋገር እንደሚውል ሳይነሣ ቢያስብ መልካም ነው።